ቬርነር ፎን ሲመንስ (1816–1892)፦ ኤሌክትሪክን ወደ ሐዲድና ወደ መንገድ ያወጡ መሐንዲስ

በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚገለገል ተሳፋሪ ከፉርጎው ጣሪያ በላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በየዕለቱ ያያል። ኃይሉ በሐዲዱ በኩል ሳይሆን ከራስ በላይ በተሰቀለ ሽቦ እንዲመጣ የተደረገው በአጋጣሚ አይደለም። ከ140 ዓመታት በፊት በበርሊን ከተማ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ሥራ ሲጀምሩ ለገጠማቸው ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። በእነዚህ ባቡሮች ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ፎን ሲመንስ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ዛሬም የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። ጭስ አልባ ትራንስፖርት እውን የሚሆነው ጥሩ ተሽከርካሪ በመሥራት ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ ከማመንጫው ተነሥቶ ሰው ሳይጎዳ ወደ ተሽከርካሪው የሚደርስበት መንገድ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ፣ የጋራ መለኪያና የሕዝብ አመኔታ አብረው ሲገኙ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ቬርነር ሲመንስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1816 ሃኖቨር አቅራቢያ በምትገኘው ሌንተ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው በኪራይ መሬት የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ወላጆቻቸው ካፈሯቸው 14 ልጆች መካከል ቬርነር አራተኛው ናቸው። ቤተሰቡ ለትምህርት ዋጋ የሚሰጥ ቢሆንም ገቢው አነስተኛ ስለነበር፣ ወጣቱ ቬርነር የተመኙትን የምሕንድስና ትምህርት ከፍለው ለመማር አልቻሉም።

በዚያ ዘመን ገንዘብ የሌለው ወጣት ሳይንስ የሚማርበት አንድ በር ክፍት ነበር፤ እርሱም ሠራዊቱ ነው። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1834 በፕሩሺያ የመድፈኛ ጦር ውስጥ ገቡ። ከ1835 እስከ 1838 በበርሊን የመድፈኞችና የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተምረው በመኮንንነት ተመረቁ። በኋለኛው ዘመን ለሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ መሠረት የሆነው ይህ ትምህርት ነው።

ከምርቃታቸው ብዙም ሳይቆይ ግን ከባድ ኃላፊነት ወደቀባቸው። እናታቸው በ1839፣ አባታቸው ደግሞ በ1840 አረፉ። ታናናሽ ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን የማሳደግ ሸክም በአብዛኛው በእርሳቸው ጫንቃ ላይ አረፈ። የመኮንንነት ደመወዛቸው ለዚህ የሚበቃ ስላልነበረ፣ የፈጠራ ሥራን እንደ ተጨማሪ መተዳደሪያ ያዙት። በሁለት መኮንኖች መካከል በተደረገ ፍልሚያ ምስክር ሆነው በመቆማቸው በማግዴቡርግ ምሽግ ታስረው በነበረ ጊዜ እንኳ፣ ክፍላቸውን ወደ ቤተ ሙከራ ለውጠው በኤሌክትሪክ አማካይነት ብረትን በወርቅ የመለበጥ ዘዴ አገኙ። ለዚህም ዘዴ በ1842 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ታናሽ ወንድማቸው ቪልሄልም ዘዴውን ወደ እንግሊዝ ወስደው በመሸጥ ለቤተሰቡ የመጀመሪያውን ጠቀም ያለ ገንዘብ አስገኙ።

ከቴሌግራፍ የተቀሰመ ልምድ

የኤሌክትሪክ ኃይል በ1840ዎቹ በስፋት ያገለግል የነበረው መልእክት ለማስተላለፍ ነበር። ሲመንስ በሲጋራ ሣጥን፣ በቆርቆሮ፣ በቁርጥራጭ ብረትና በመዳብ ሽቦ የሠሩት ቀላል መሣሪያ ጠቋሚ ያለው ቴሌግራፍ ሆነ። ላኪው ፊደል ሲመርጥ፣ በተቀባዩ ዘንድ ያለው ጠቋሚ በዚያው ፊደል ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1847 ከመካኒኩ ዮሐን ጌኦርግ ሃልስከ ጋር ሆነው በበርሊን አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈቱ። መነሻ ካፒታሉን 6,842 ታለር ያበደሯቸው የአጎታቸው ልጅ ነበሩ። ሲመንስና ሃልስከ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው እንዲህ ነው።

ድርጅቱ ከበርሊን እስከ ፍራንክፈርት የሚደርስ የቴሌግራፍ መስመር ዘረጋ። በማርች 1849 በፍራንክፈርት የተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ የፕሩሺያውን ንጉሥ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ መምረጡ በዚህ መስመር በዚያው ቀን በርሊን ደረሰ። በዚያው ዓመት ሲመንስ ሠራዊቱን ለቀው ጊዜያቸውን ሙሉ በሙሉ ለድርጅቱ ሰጡ።

ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም። በችኮላ የተቀበሩት የምድር ውስጥ መስመሮች በበቂ ጥልቀትና በጠንካራ መከላከያ ስላልተጠበቁ መበላሸት ጀመሩ። ሲመንስ ጉድለቶቹን በይፋ በመጻፋቸው ከፕሩሺያ የቴሌግራፍ አስተዳደር ጋር ተጋጩ፤ የመንግሥት ሥራም ለዓመታት ተቋረጠባቸው። ድርጅቱን ከውድቀት ያዳነው ከ1853 ጀምሮ ከሩሲያ መንግሥት ያገኘው ሥራ ነበር። በዚያ የተገባው ውል መስመር መዘርጋትን ብቻ ሳይሆን፣ የተዘረጋውን ለረጅም ዓመታት መጠበቅንና መጠገንንም የሚጨምር ነበር። ወንድማቸው ካርል ይህን ሥራ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ሆነው መሩት።

ሌላም ፈተና ነበር። በ1864 በስፔኗ ካርታኼና እና በአልጄሪያዋ ኦራን መካከል በባሕር ወለል ላይ ሊዘረጋ የተሞከረው ገመድ ደጋግሞ በመበጠሱ ድርጅቱን ለከፍተኛ ኪሳራ ዳረገው። ጥንቃቄ የሚያበዙት ሃልስከ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሽርክናው ወጡ። ሲመንስ ግን ከስሕተቱ ተምረው ወደ ፊት ቀጠሉ። ለንደንን ከሕንዷ ካልካታ ጋር የሚያገናኘው፣ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የሕንድና የአውሮፓ ቴሌግራፍ መስመር በ1870 ሥራ ጀመረ። ቀደም ሲል በመርከብ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መልእክት በምርቃቱ ዕለት በ28 ደቂቃ ደረሰ።

እነዚህ ዓመታት ሲመንስን አንድ ነገር አስተማሯቸው። መሣሪያ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ኃይሉን የሚያደርሰው መስመር ደካማ ከሆነ አገልግሎቱ ይቆማል። ይህ ትምህርት ወደ ትራንስፖርት በተሻገሩ ጊዜ እጅግ ጠቀማቸው።

ዳይናሞ፦ የኃይሉ ምንጭ

ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ከሲመንስ በፊት የታወቀ ነበር። ለምሳሌ ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዴቪድሰን በ1842 በሐዲድ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ጋሪ ሞክረው ነበር። ችግሩ ዋጋው ነበር። በዚያን ጊዜ ኃይሉ የሚገኘው በውስጡ ያለውን ዚንክ እየበላ ከሚያልቅ ኬሚካላዊ ባትሪ ሲሆን፣ ዚንኩ ደግሞ የእንፋሎት ባቡር ከሚያነደው የድንጋይ ከሰል ይልቅ በጣም ውድ ነበር። ስለዚህ ሙከራዎቹ ከትርኢት አላለፉም።

ይህን ግድግዳ ያፈረሰው ዳይናሞ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ማመንጫዎች በቋሚ ማግኔት የሚሠሩ በመሆናቸው ጉልበታቸው ውሱን ነበር። ሲመንስ በ1866 መገባደጃ ላይ የደረሱበት መላ የሚከተለው ነው። ማንኛውም አንድ ጊዜ ማግኔት የነካው ብረት ጥቂት የማግኔት ኃይል ይቀርለታል። በዚህ ብረት መካከል ጥቅል ሽቦ ሲሽከረከር መጀመሪያ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ኤሌክትሪክ ተመልሶ በብረቱ ዙሪያ በተጠመጠመው ሽቦ እንዲያልፍ ሲደረግ ማግኔቱን ያጠነክረዋል፤ የጠነከረው ማግኔትም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ማሽኑ በዚህ ዓይነት ራሱን በራሱ እያሳደገ ወደ ሙሉ ጉልበቱ ይደርሳል።

ግኝቱ በጃንዋሪ 17 ቀን 1867 ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። በተመሳሳይ ወቅት እንግሊዛውያኑ ሳሙኤል ቫርሊና ቻርልስ ዊትስቶን ወደዚያው ሐሳብ ደርሰው ስለነበር፣ ክብሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሲመንስ ልዩ አስተዋፅኦ ግኝቱ ለኢንዱስትሪ ያለውን ትርጉም ቀድመው ማየታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ በብዛትና በርካሽ የሚመረትበት በር ተከፈተ። ዳይናሞው ተገልብጦ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ደግሞ ራሱ ሞተር ሆኖ ይሽከረከራል። ማመንጫውን በአንድ ቦታ፣ ሞተሩን በሌላ ቦታ አድርጎ በሽቦ ማገናኘት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በትርኢት ሜዳ ላይ የሄደው ባቡር

ከሜይ 31 ቀን 1879 ጀምሮ በበርሊን በተካሄደው የኢንዱስትሪ ትርኢት ላይ ሲመንስና ሃልስከ አንድ እንግዳ ነገር ለሕዝብ አቀረቡ። 300 ሜትር ርዝመት ባለው ክብ ሐዲድ ላይ አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭ ሦስት ትናንሽ ጋሪዎችን ስባ ትዞር ነበር። በአንድ ጊዜ 18 ሰዎች ይሳፈራሉ። የሞተሩ ጉልበት 3 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም የማይበልጥ ነበር። ኃይሉ የሚመጣው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተዘረጋ ሦስተኛ የብረት ዘንግ በኩል ነው።

ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ባይሆንም፣ ያለ ፈረስ፣ ያለ እሳትና ያለ ጭስ የሚሄድ ባቡር ማየት ለሕዝቡ አዲስ ነገር ነበር። ትርኢቱ በቆየባቸው አራት ወራት ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳፈሩበት። ሲመንስ ሕዝቡ በገዛ ዓይኑ አይቶና በራሱ ተሳፍሮ ካላመነ በቀር አዲስ ቴክኖሎጂ በከተማ ውስጥ ቦታ እንደማያገኝ ተረድተው ነበር። ያቺ ሎኮሞቲቭ ዛሬ በሙኒክ ከተማ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

ይሁን እንጂ ባቡሩ በሚሄድበት ስፍራ ጭስ ባይኖርም፣ ዳይናሞውን የሚያሽከረክረው ራቅ ብሎ የቆመ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ጭሱ ከመንገዱ ወደ ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ የሚወስነው ኃይሉ የሚመነጭበት መንገድ መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የምታገኝ እንደ ኢትዮጵያ ያለች ሀገር በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላት።

ከሐዲድ ወደ ሽቦ

በሜይ 16 ቀን 1881 በበርሊን ዳርቻ በሊሽተርፌልደ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ ጀመረ። መስመሩ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የባቡር ጣቢያውን ከወታደራዊ ትምህርት ቤት ጋር ያገናኝ ነበር። ኃይሉ 180 ቮልት ሆኖ የሚሄደው በራሳቸው በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ ነው፤ በአንዱ ሐዲድ ይመጣል፣ በሌላው ይመለሳል።

አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም አደጋ ነበረው። ሐዲዱን የሚያቋርጡ እግረኞችና በተለይም የብረት ጫማ የተመታላቸው ፈረሶች በኤሌክትሪክ ይነዘሩ ነበር። መስመሩ በአብዛኛው በራሱ በተከለለ መሬት ላይ የሚያልፍ በመሆኑ ችግሩን በመጠኑ መቆጣጠር ተችሏል። ሰውና ጋሪ በሚጨናነቅበት የከተማ መሐል ግን እንዲህ ዓይነት መስመር ሊዘረጋ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። የአዲሱ ትራንስፖርት ዕጣ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። ሕዝብ የሚፈራው አገልግሎት ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይስፋፋም።

ሲመንስ ችግሩን አልሸሸጉትም፤ ኃይሉን ከሰው እጅና እግር ለማራቅ ወደ ላይ አነሡት። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ትርኢት ላይ ከበላዩ በተዘረጋ መስመር ኃይል የሚያገኝ ትራም አሳዩ። በኦስትሪያ ከሜድሊንግ እስከ ሂንተርብሩል የተዘረጋው መስመር በ1883፣ ከፍራንክፈርት እስከ ኦፈንባህ የተዘረጋው ደግሞ በ1884 በዚህ ዘዴ አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ከበላይ የሚዘረጉ መስመሮች ጎናቸው የተሰነጠቀ ቱቦዎች ስለነበሩ በቀላሉ ይበላሹ ነበር። በአሜሪካ ሪችመንድ ከተማ ፍራንክ ስፕራግ በ1888 በምንጭ ብረት ወደ ላይ እየተገፋ ሽቦውን የሚከተል ዘንግ በሰፊው ሥራ ላይ አዋሉ። በሲመንስ ድርጅት ውስጥም መሐንዲሱ ቫልተር ራይሸል ሽቦውን ከሥር እየታከከ ኃይል የሚቀበል ቀስት መሰል መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ በባቡሮች ጣሪያ ላይ የሚታየው ተጣጣፊ ኃይል ተቀባይ የእነዚህ ሥራዎች ውጤት ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 750 ቮልት የዲሲ ኃይል ከራስ በላይ በተሰቀለ ሽቦ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርም እንዲሁ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ኃይል ይቀበላል። ሽቦው ከፍ ብሎ የተሰቀለው እግረኛው ከሥሩ በሰላም እንዲያልፍ ነው። በአንጻሩ ረጅም ብረት ወይም እርጥብ እንጨት ይዞ ወደ ሽቦው መጠጋት፣ እንዲሁም በቆመ ባቡር ጣሪያ ላይ መውጣት ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ መሆኑን እያንዳንዱ ተገልጋይ ሊያውቅ ይገባል።

ሐዲድ የማያስፈልገው ተሽከርካሪ

የሲመንስ ሐሳብ በሐዲድ ላይ አልቆመም። በኤፕሪል 29 ቀን 1882 በበርሊን አቅራቢያ በሃለንዜ ኤሌክትሮሞተ የተባለ ተሽከርካሪ በተራ መንገድ ላይ ሄደ። ሠረገላ የሚመስለው ይህ ተሽከርካሪ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበሩት። ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ በተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ላይ እየተንከባለለ በገመድ ከሚከተለው አነስተኛ ጋሪ ነው። ሽቦዎቹ ሁለት የሆኑት ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚሄድበት ሐዲድ ስለሌለ ነው። በኋላ በብዙ የዓለም ከተሞች ለተስፋፋው የትሮሊ ባስ አገልግሎት የመጀመሪያው አርአያ ይህ ነበር።

የሙከራው መስመር 540 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ሙከራው በጁን 13 ቀን 1882 ተቋረጠ። ተሽከርካሪው ቢሠራም የዘመኑ መንገድ ወጣ ገባ ስለነበር፣ ጎማ ያልነበራቸውን የእንጨት መንኮራኩሮች በምቾት ሊያስሄድ አልቻለም። ሐሳቡ ከመንገዱ ቀድሞ ነበርና ተግባራዊ ለመሆን ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

በዚያው በ1881 ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ ዳግመኛ በሚሞላ የእርሳስ ባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በፓሪስ ጎዳና ላይ አሳይተው ነበር። በዚህም በአጭር ጊዜ ውስጥ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ሁለቱ መንገዶች ታዩ፤ አንደኛው ኃይሉን በሽቦ እየተቀበለ የሚሄድ፣ ሁለተኛው ኃይሉን አስቀድሞ ሞልቶ ይዞ የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው በአንድ መስመር ለሚያመላልስ አገልግሎት የመጀመሪያው፣ መስመር ለማይወሰንለት ተሽከርካሪ ሁለተኛው ይስማማል። ዛሬም ሁለቱ አብረው ይሠራሉ።

የኤሌክትሪክ ኃይል ጭስ አልባ መሆኑ ይበልጥ የታወቀው ግን ከመሬት በታች ነው። በ1882 በሳክሶኒ በሚገኘው የዛውከሮደ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሲመንስና ሃልስከ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሥራ ጀመረ። አየር በማይንቀሳቀስበት የማዕድን ዋሻ ውስጥ የእንፋሎት ባቡር ማስገባት የሠራተኞችን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነበርና፣ የኤሌክትሪኩ ጥቅም ለማንም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም።

የከተማው እምቢታ

ሲመንስ ከሁሉ አስበልጠው የተመኙት በበርሊን መሐል ከመንገዱ ከፍ ባሉ የብረት ምሰሶዎች ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር መዘርጋትን ነበር። ከተማዋ በፍጥነት እያደገች፣ ጎዳናዎቿም በፈረስ ጋሪ እየተጨናነቁ ነበር። በ1880 በፍሪድሪኽሽትራሰ ጎዳና ላይ እንዲዘረጋ ያቀረቡት ዕቅድ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ነዋሪዎች ባቡሩ በመስኮቶቻቸው አጠገብ ማለፉን፣ ጎዳናቸውም መጨለሙን ተቃወሙ፤ ባለሥልጣናቱም ፈቃድ ነሡ።

እምቢታው መሠረተ ቢስ አልነበረም። ጠባብ ጎዳና ላይ የሚቆም የብረት ድልድይ በእርግጥ የነዋሪውን ብርሃንና ሰላም ይነካል። ጉዳዩ ዕልባት ያገኘው መስመሩ ሰፊ ጎዳናዎችን እንዲከተልና በከፊል በምድር ውስጥ እንዲያልፍ ከተደረገ በኋላ ነው። የግንባታው ሥራ በ1896 ተጀምሮ፣ የበርሊን ከፍታና የምድር ውስጥ ባቡር በፌብሩዋሪ 1902 ተመረቀ። ሲመንስ ይህን ቀን ለማየት አልታደሉም። ድርጅታቸው በቡዳፔስት የሠራው የአውሮፓ አህጉር የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ኤሌክትሪክ ባቡርም በሜይ 1896 ሥራ የጀመረው ከሞታቸው በኋላ ነው። የትራንስፖርት መሠረተ ልማት በአጠገቡ የሚኖረውን ሕዝብ ካላማከረ ምን ያህል እንደሚዘገይ የበርሊኑ የ20 ዓመት ቆይታ በቂ ምሳሌ ነው።

ሕግ፣ መለኪያና ባለሙያ

ሲመንስ በፕሩሺያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ከ1862 እስከ 1866 አባል ሆነው አገልግለዋል። ከዚያ በኋላ በሕዝብ ጉዳይ ላይ ያተረፉት ትልቁ ሥራ የፈጠራ መብት ሕግ ነው። በዚያ ዘመን በጀርመን ግዛቶች የፈጠራ ሰው የተሟላ ጥበቃ አልነበረውም። ሲመንስ ባደረጉት ያላሰለሰ ጥረት ለመላው ጀርመን የሚሠራ የፈጠራ መብት ሕግ በ1877 ወጣ። ሕጉ ፈጣሪው ግኝቱን በዝርዝር ለሕዝብ እንዲገልጽ ስለሚያስገድድ፣ ሌሎች ባለሙያዎች ከእርሱ ተምረው ወደ ፊት እንዲራመዱ ረዳ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጋራ መለኪያ ነበር። አንዱ አምራች በአንድ መለኪያ፣ ሌላው በሌላ መለኪያ ከሠራ ዕቃዎቻቸው አይገጣጠሙም፤ ገዢውም የገዛውን ሊያመዛዝን አይችልም። ሲመንስ በ1860 በሜርኩሪ ዓምድ ላይ የተመሠረተ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ አቀረቡ። በ1881 በፓሪስ ስለ ኦም፣ ቮልትና አምፔር ስምምነት በተደረሰበት ዓለም አቀፍ ጉባኤም ተሳታፊ ነበሩ። በኋላም የመለኪያ ምርምር የሚያካሂድ መንግሥታዊ ተቋም እንዲቋቋም ግማሽ ሚሊዮን ማርክ ገደማ የሚያወጣ ስጦታ፣ በተለይም መሬት አበረከቱ። ተቋሙ በ1887 በቻርሎተንቡርግ ተመሥርቶ ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአንዱ ፋብሪካ ተሽከርካሪ በሌላው ፋብሪካ የኃይል መሙያ እንዲሞላ የሚያስችለው የዛሬው የደረጃ ሥራ የሚያርፈው በዚህ ዓይነት መሠረት ላይ ነው።

ሦስተኛው ባለሙያ ማፍራት ነበር። በ1879 ከፖስታ አገልግሎቱ ኃላፊ ከሃይንሪኽ ፎን ሽቴፋን ጋር ሆነው በበርሊን የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። በከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኤሌክትሪክ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ እንዲሆንም አጥብቀው ጠየቁ። በዳርምሽታት በ1882 የዚህ ዘርፍ ወንበር በኤራስሙስ ኪትለር ኃላፊነት ተከፈተ። የኤሌክትሪክ ባቡርና ተሽከርካሪን የሚነድፍ፣ የሚያሽከረክርና የሚጠግን ባለሙያ በብዛት መውጣት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሠራተኞችና ቤተሰብ

ሲመንስ ትርፍን ከሠራተኛው ጋር መካፈል ለሥራው ጥራት እንደሚጠቅም ያምኑ ነበር። ድርጅቱ 25ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1872 ለሠራተኞች፣ ለባልቴቶቻቸውና ለሙት ልጆቻቸው የጡረታ ፈንድ አቋቋሙ። በጀርመን ከወጣው መንግሥታዊ የጡረታ ሕግ በፊት የተደረገ ነው። በ1891 ደግሞ የበርሊን ሠራተኞቻቸው የዕለት የሥራ ሰዓት 8 ሰዓት ተኩል እንዲሆን ተወሰነ።

በ1852 ማቲልደ ድሩማንን አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። ማቲልደ በሳንባ ነቀርሳ ታመው በ1865 ዐረፉ። ሲመንስ በ1869 አንቶኒ ሲመንስን አግብተው ሌሎች ሁለት ልጆች አፈሩ። ለቤተሰብ የነበራቸው ፍቅር በድርጅቱ አመራር ላይም ይታይ ነበር። ወንድሞቻቸው በለንደንና በሩሲያ ቅርንጫፎቹን ይመሩ ነበር፤ እርሳቸውም ድርጅቱ በቤተሰቡ እጅ እንዲቆይ እስከ መጨረሻው ጸኑ። ይህ አቋም ጉዳትም ነበረው። ካፒታል ከሕዝብ የሚሰበስቡ ተወዳዳሪዎች በ1880ዎቹ በፍጥነት ሲያድጉ፣ የእርሳቸው ድርጅት ወደ አክሲዮን ማኅበርነት የተለወጠው ከሞታቸው በኋላ በ1897 ነው።

ትተውት ያለፉት ሥራ

ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪኽ ሣልሳዊ በ1888 የመኳንንት ማዕረግ ስለሰጧቸው በስማቸው ላይ ፎን የሚለው ቃል ተጨመረ። ሲመንስ በ1890 ከድርጅቱ አመራር ተሰናብተው የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። መጽሐፉ በታተመበት በ1892፣ ዲሴምበር 6 ቀን፣ 76ኛ ዓመታቸው ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው በቻርሎተንቡርግ ዐረፉ። በ1971 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ በስማቸው እንዲጠራ ወሰነ።

ሲመንስ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርትን ብቻቸውን አልፈጠሩትም። ከእርሳቸው በፊት የሞከሩ፣ ከእርሳቸው ጋር የተወዳደሩና ከእርሳቸው በኋላ ሥራውን ያሟሉ ብዙዎች ናቸው። የእርሳቸው ድርሻ አንድ ሙከራ ሲጎድል ጉድለቱን ለይተው ወደ ቀጣዩ ማለፋቸው ነው። የምድር መስመር ሲበላሽ መከላከያውን አጠነከሩ፤ ባትሪ ሲወደድ ዳይናሞን ሠሩ፤ ሐዲዱ ሰውና እንስሳ ሲነዝር ኃይሉን ወደ ላይ አነሡ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወስና ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አዙራለች። በዚህ ጉዞ ውስጥ የሚነሡት የኃይል መሙያ ጣቢያ፣ የመሙያ ሶኬት ደረጃ፣ የጥገና ባለሙያና የደኅንነት ጥያቄዎች በበርሊን ከተነሡት ጋር ተቀራራቢ ናቸው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚያስብ ዜጋም ከተሽከርካሪው ዋጋና መልክ ባሻገር የት እንደሚሞላ፣ በየትኛው ዓይነት ሶኬት እንደሚሞላና ማን እንደሚጠግንለት አስቀድሞ ቢያጣራ ይጠቀማል።